ለብስባሽና ለቨርሚ ኮምፖስት የወጣው ድጋፍ ለማን እንደደረሰ ዝርዝሩን እንዴት እንጠይቅ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ሐይቁን ተጠግተው ያሉ ቀበሌዎችን የሚመለከት ነው። «ያለ ኬሚካል ለሚያመርቱ» እየተባለ ከወረዳ ልዩ ልዩ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፦ የቨርሚ ትል (እበትና ተረፈ ምርት በልቶ ቨርሚ ኮምፖስት የሚያደርግ)፣ የጣውላ ሣጥን፣ ሸራ፣ ከሐይቁ የተነቀለ እምቦጭ ለብስባሽ ማመላለሻ፣ የሥልጠና አበል። በማኅበር በኩል የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ክፍያ በፕሮጀክት የተሸፈነበትም ቦታ አለ። ማን ወሰደ ሲባል መልሱ «ለሞዴል አርሶ አደሮች ተሰጥቷል» ነው። ስም ሲጠየቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ይባላል።

ዝርዝሩን የመጠየቅ መብት አለን ወይ? ካለን ምን ብለን እንጻፍ? ዝርዝሩ እጃችን ቢገባስ እውነት መሆኑ በምን ይጣራል? ደግሞ በውጭ አገር ለኦርጋኒክ እርሻ መንግሥት በሄክታር ይከፍላል ሲባል እንሰማለን፤ እነሱ የተቀባዩን ስም በአደባባይ ያወጣሉ? ሥራውን የምታውቁት ብትመልሱ ደስ ይለናል።

መዝገብ ቤት፦

መብቱ አለ። ግን ብዙው ጥያቄ የሚከሽፈው በሕጉ ሳይሆን በአጻጻፉ ነው።

ደብዳቤው ላይ «የኦርጋኒክ ድጎማ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። እንዲህ የሚባል የበጀት ርዕስ ስለሌለ «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መልሱም ሐሰት አይሆንም። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ፣ እሱ ግን የሚመለከተው አመራረቱን፣ ማረጋገጫውንና ስያሜውን ነው፤ በሄክታር የሚከፈል ገንዘብ አላቆመም። በግልጽ «ድጎማ» ተብሎ የሚታወቀው ለአፈር ማዳበሪያ የሚወጣው ነው። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መድቦ ነበር፤ እሱም የሚደርሰው በመሸጫ ዋጋው ውስጥ ስለሆነ ዩሪያ ያልገዛ ሰው ከዚያ አንድ ሳንቲም አያገኝም። ለብስባሽና ለቨርሚ የሚወጣው ግን ተበታትኖ ነው ያለው፦ ከፊሉ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ፣ ከፊሉ በአፈር ለምነት፣ ከፊሉ በፕሮጀክት፣ አበሉ በሥልጠና ስር። ስለዚህ በዕቃው ስም ጠይቁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። ዝርዝር አፈጻጸሙ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። «እሱ እኮ በ1238/2013 ተሽሯል» የሚል ባለሙያ ሊገጥማችሁ ይችላል። የተሻረው የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል ነው፤ መረጃ የማግኘቱ ክፍል አልተነካም። የወረዳ ጽሕፈት ቤትም በዚሁ አዋጅ «የመንግሥት አካል» ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ በሁለተኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉ። ይህ ከሌለ መልስ ሊሰጥበት የሚገባው 30 ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚያረጋግጥላችሁ የለም። ጉዳዩን የሚይዘው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ቢጠይቅ ኃላፊው ራሱ በጽሑፍ ሊያሰፍርለት ይገባል። ቀኑ ካለፈ ዝምታው እንደ እምቢታ ስለሚቆጠር አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው (ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው)፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት።

የሚጻፈው በግምት ይህን ይመስላል፦

«በ— በጀት ዓመት (ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30) ለ— ቀበሌ የተሰራጨ የቨርሚ ትል፣ ሣጥን፣ ሸራና የብስባሽ ማዘጋጃ ቁሳቁስን በሚመለከት፦ ዕቃው ገቢ የሆነበት ሞዴል 19፣ ወጪ የሆነበት ሞዴል 22፣ ለቀበሌው የተላከበት የርክክብ ሰነድ፣ ተቀባዮች የፈረሙበት ዝርዝር፣ የተመረጡበት መስፈርትና ቃለ ጉባኤ፣ እንዲሁም ከዚሁ ሥራ ጋር የተከፈለ የአበል ፔሮል ኮፒ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

ሞዴል 19 እና 22 የተጠቀሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ስም ዝርዝር ማንም ሰው ማታ ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። የመጋዘን ሰነድ ግን ተከታታይ ቁጥር አለው፣ ኮፒውም ፋይናንስ ጋር ይቀመጣል። 60 ሣጥን ገብቶ 60 ወጥቶ ዝርዝሩ ላይ 41 ፊርማ ብቻ ካለ፣ ጥያቄያችሁ ከዚያ በኋላ ስለ 19 ሣጥን ብቻ ይሆናል፤ ለመመለስም ለመሸሽም የማይመች ጥያቄ ነው።

ሦስት መሰናክል ጠብቁ። አንደኛው፣ ዝርዝር ሲጠየቅ «ይህን ያህል አርሶ አደሮች ተጠቃሚ ሆነዋል» የሚል ሪፖርት ይሰጣችኋል። ሪፖርት አልጠየቅንም ብላችሁ ያንኑ ማመልከቻ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ አስታውሱ። ሁለተኛው «የሌላ ሰው የግል መረጃ ነው» የሚለው ነው። ስልክና የመታወቂያ ቁጥር በጥቁር ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጠን በሉ። ሦስተኛው የፕሮጀክት ዕቃ ነው፤ አንዳንዴ በወረዳው መጋዘን ሳያልፍ በቀጥታ ቀበሌ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሞዴል 19 የለውም። የርክክብ ሰነድ የሚለውን ቃል ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ሰኔ ላይ አትጠይቁ፤ ሁሉም በጀት ሲዘጋ የሚራወጥበት ወር ነው። ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ግን ሂሳቡ ተዘግቷል፣ ሰነዱም ገና ሳጥን ውስጥ አልገባም።

የብስባሽ ክምር፦

መዝገብ ቤት ያለው ትክክል ነው፤ እኔ «እውነት መሆኑ በምን ይጣራል» በሚለው ላይ ልጨምር። ወረቀቱ ከተገኘ ቀሪው የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ዝርዝሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። ብዙ ቦታ የሚገኘው «ሣጥን 1፣ ትል 1» የሚል ነው። ትል 1 ምን ማለት ነው? አንድ ኪሎ? አንድ ጣሳ? አንድ ፌስታል? በኪሎ ቢባልም ከነአፈሩ ከተመዘነ ውስጡ ያለው ትል 200 ግራም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ «የተጣራ የትል ክብደት» የሚል ዓምድ ከሌለ ያ መስመር አይጣራም።

ቀጥሎ ምርቱ። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ሣጥን 2 ካሬ ሜትር ነው። ለካሬ ሜትር 1 ኪሎ ትል ብንይዝ 2 ኪሎ ይሆናል። ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል ቢባል 1 ኪሎ በቀን፣ 365 ኪሎ በዓመት። ከበላው ግማሽ ያህሉ ኮምፖስት ሆኖ ቢወጣ 180 ኪሎ፣ ማለትም 2 ኩንታል አይሞላም። ትሉ ተራብቶ ሦስት እጥፍ ቢሆን 5 ኩንታል ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ «በአንድ ሣጥን 30 ኩንታል ቨርሚ ተመረተ» የሚል ሪፖርት ካያችሁ ወይ ተራ ብስባሽ ቨርሚ ተብሎ ተቆጥሯል፣ ወይ ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ ነው የተመረተው።

ሌላው ማጣሪያ የናይትሮጅን ሒሳብ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ጥሩ ብስባሽ በደረቁ 1 በመቶ ገደማ ይይዛል ብንል ያንኑ ለመተካት 46 ኩንታል ደረቅ፣ እርጥበቱ ግማሽ ሲሆን ደግሞ 92 ኩንታል ይፈልጋል፤ እሱም ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ አይለቀቅም። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ይጨምር የነበረ ሰው «ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ» ካለ ለዚያች ጥማድ ብቻ በግምት 46 ኩንታል እርጥብ ብስባሽ መከመር ነበረበት። ያን ያህል ክምር ጓሮ ውስጥ አይደበቅም፤ ከብትም ይጠይቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ማመሳከሪያ ግን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የማዳበሪያ ሽያጭ መዝገብ ነው። ማን ስንት ኩንታል እንደወሰደ በስም ተጽፏል። በአንድ ዓመት ውስጥ «ያለ ኬሚካል» ዝርዝር ላይም በዩሪያ መዝገብ ላይም ያለ ስም ካገኛችሁ ምልክት አድርጉበት። ወዲያው ሌባ አትበሉት ግን፤ ሌላ ማሳ ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ የማሳውን መለያ ቁጥር ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ መያዝ ያለበት። ከባልና ሚስት አንዱ ብቻ ከተጻፈም ያው ቤት ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ ደብተሩ በሁለቱም ስም ስለሆነ ሁለቱም ይጻፉ።

የተረከቡበት ቀንም ይኑር። ትሉ የሚወደው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ሚያዝያ ላይ በታሰረ ጆንያ መኪና ላይ ውሎ የደረሰ ትል ሲፈታ ሞቶ ይገኛል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን «ተረክቧል» ነው። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ «በሕይወት አለ / የለም» የሚል የክትትል ዓምድ ቢጨመር ጥሩ ነው። የሚሞትበት ምክንያትም ይጻፍ፦ ያልበረደ እበት (2 ወይም 3 ሳምንት ሳይቀመጥ የተሰጠ)፣ ውኃ የሚያቁር ሣጥን፣ ጉንዳን። በእኛ አካባቢ ደግሞ የጫት ገረባ። ጫት ላይ እንደ ማላታይን ወይም ካራቴ ያለ የተባይ መርዝ በተረጨ በሳምንቱ ገረባውን ለትል የሰጠ ሰው ትሉን ፈጀው ማለት ነው። እንዲህ የተፈጠረ ውድቀት ስርቆት አይደለም፤ ዝርዝሩ ሁለቱን መለየት አለበት።

ጣና ዳር (ጠያቂ)፦

በጣም እናመሰግናለን። የእምቦጩ ማመላለሻስ? እሱ በጉዞ ነው የተከፈለው።

የብስባሽ ክምር፦

በጉዞ ከሆነ ውኃ ነው ያመላለሱት። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ 100 ኩንታል እርጥብ ሲደርቅ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ነው የሚቀረው። እምቦጩ ከመጫኑ በፊት ሐይቁ ሞልቶ ከማይደርስበት ዳርቻ ተዘርግቶ ጠውልጎ፣ ክፍያውም በደረሰው ብስባሽ ኩንታል ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጉዞ ባልተከፈለ። ሰነድ ስትጠይቁ የመኪናውን የጉዞ መዝገብ፣ የመጫን አቅሙንና ማራገፊያ ቦታውን ጨምሩ።

ሌላው ችግር ዘሩ ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከማበቡ በፊት ይነቀል፤ ያበበ ከሆነ ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ለ15 ቀን ቆይቶ ቢያንስ 5 ጊዜ ይገላበጥ። በቀጥታ ትል ሣጥን ውስጥ ከገባ ሙቀት ስለሌለ ዘሩ ሳይሞት ወደ ማሳና ወደ ቦይ ይሄዳል። መጀመሪያ በክምር፣ ቀዝቅዞ ከዚያ ለትል።

ዓባይ ማዶ፦

የውጭውን ልመልስ።

በአውሮፓ ኅብረት ለኦርጋኒክ እርሻ በሄክታር ይከፈላል፤ ተቀባዩም በአደባባይ ይታያል። እያንዳንዱ አባል አገር በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 ድረስ ያለፈውን የበጀት ዓመት ተቀባዮች ስም፣ የሚኖሩበትን የአስተዳደር ቦታ፣ የክፍያውን ዓይነትና መጠን ድረ ገጽ ላይ ያወጣል፤ ለሁለት ዓመት ይቆያል። ግን እዚህ የደረሱት ተከሳሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2010 የኅብረቱ ፍርድ ቤት በአንድ የጀርመን የእርሻ ሽርክናና በአንድ የጀርመን ገበሬ ጉዳይ የግለሰቦችን ስም ያለ ምንም ልዩነት ማውጣት ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ደንቡን ውድቅ አደረገ። የድርጅቶቹን ግን አልነካም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ስሙን መለሰ፣ ከገደብ ጋር፦ አሁን በዓመት 1,250 ዩሮ ወይም ከዚያ በታች የሚያገኝ ሰው በስሙ ፈንታ በኮድ ይታያል። አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ተቀባዩ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ማንነቱ በግልጽ የሚታወቅ ከሆነም የሚጻፈው ከፍ ያለው የአስተዳደር እርከን ነው።

አሜሪካኖቹ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለኦርጋኒክ ማረጋገጫ ወጪ 75 በመቶውን፣ ለአንድ የምርት ዘርፍ እስከ 750 ዶላር ይመልሱ ነበር። ጠቃሚው ግን የግብርና መሥሪያ ቤታቸው የተረጋገጡ እርሻዎችን ሁሉ በአንድ ክፍት መዝገብ ማስቀመጡ ነው፤ ማረጋገጫው የታገደበትም የተሰረዘበትም እዚያው ይታያል። ድጋፍ የወሰደውንና ማረጋገጫ ያለውን ማንም ሰው ጎን ለጎን ማየት ይችላል። አንዱ ዝርዝር ብቻውን ያን ያህል አይጠቅምም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ሕንድ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመረጃ ሕጋቸው መንግሥት ሳይጠየቅ ማውጣት ካለበት ነገር ውስጥ የድጎማ ፕሮግራሞችን አፈጻጸም፣ የተመደበውን መጠንና የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በስም ጠቅሶ ያስቀምጣል። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የኦርጋኒክ እርሻ መርሐ ግብራቸውም በአንድ ወቅት በሄክታር ለሦስት ዓመት 50,000 ሩፒ መድቦ ከዚያ ውስጥ 31,000ው በቀጥታ በገበሬው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ነበር። እኛ ጋ በዕቃ እስከተሰጠ ድረስ የዕቃው ዋጋም ዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለበት ባይ ነኝ፤ ሣጥኑ በስንት እንደተገዛ ሳይታወቅ የድጋፉ መጠን አይታወቅም።

ዘንባባ፦

ሁሉም መልካም፣ ግን የውጭውን አይተን ስሙን ድረ ገጽና ቴሌግራም ላይ እናውጣ ከተባለ አልስማማም። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ፣ እገታ ባለበት አካባቢ፣ «እገሌ ይህን ያህል ገንዘብ ተሰጠው» ብሎ ለዓለም መለጠፍ ገበሬውን ማጋለጥ ነው። የጀርመን ገበሬ ስሙ ቢወጣ የሚፈራው የጎረቤቱን ሐሜት ነው፤ የእኛው ከዚያ የከፋ ይገጥመዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ።

መዝገብ ቤት፦

ዘንባባ፣ ስጋትህ ልክ ነው፤ መፍትሔውም እዚሁ አገር ውስጥ አለ። በሴፍቲኔት የተመረጡ ሰዎች ዝርዝር ቀበሌ ላይ ይለጠፋል፣ በስብሰባ ይነበባል፣ የተቃወመ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። ስሙን ማወቅ ያለበት የቀበሌው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ማን ሣጥን እንዳለው በዓይኑ ያያል። ስለዚህ በሦስት ከፍሎ መሥራት ይቻላል። በቀበሌ ደረጃ ስም፣ የማሳ መለያ፣ ዕቃው፣ መጠኑና ቀኑ፤ ያለ ስልክ፣ ያለ ፎቶ። በወረዳና በድረ ገጽ ደረጃ የቀበሌ ድምርና የዕቃው ዋጋ ብቻ። ማኅበር፣ ዩኒየን፣ ባለሀብትና አሠልጣኝ ድርጅት ከሆነ ግን የትም ቦታ ሙሉ ስምና ሙሉ ብር። ትልቁ ገንዘብ ያለው እነዚህ ጋር ነው፤ የአንድ ሣጥን ተቀባይን ስም እያሳደዱ የአቅራቢውን ውል አለመጠየቅ የተለመደ ስህተት ነው።

ስለ መለጠፉ፦ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ በሰኔ ዝናብ በሁለት ቀን ይበሰብሳል። በላስቲክ ተሸፍኖ ከጣሪያው ክዳን ስር ይለጠፍ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በሚሰበሰብበትም ይነበብ፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቢያንስ 15 ቀን ይሰጥ።

ዘንባባ፦

እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ድምሩ ላይ ግን ተቀባዩ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ የሆነበት ቀበሌ ከጎረቤቱ ጋር ተደምሮ ይውጣ።

ጣና ዳር (ጠያቂ)፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ለዘጌ ቡና በማኅበር ስለሚከፈለው የማረጋገጫ ወጪ የተጻፈ የለም። እሱ ላይ ምን ይጠየቅ?

ዓባይ ማዶ፦

ገበያው አውሮፓ ከሆነ ደንቡ 2018/848 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። በቡድን የሚረጋገጥ ማኅበር ከ2,000 አባል መብለጥ የለበትም፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነትና የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ይኖረዋል፣ አባላቱም በቦታ የተቀራረቡ ይሆናሉ። የአንድ አባል ማሳ እስከ 5 ሄክታር ከሆነ ይበቃል፤ ዘጌ ላይ ይህ አያስቸግርም። አረጋጋጩ በየዓመቱ ከአባላቱ ቢያንስ 5 በመቶውን፣ ከ10 ሰው ሳያንስ፣ ራሱ ሄዶ ያያል፤ ከ2 በመቶው ናሙና ይወሰዳል።

እንግዲህ ማኅበሩን የምትጠይቁት የአባላት መዝገቡን ነው፤ የውስጥ ቁጥጥሩ ያለ እሱ አይቆምም። በውስጡ የእያንዳንዱ ማሳ ስፋት፣ የቡናው ግምት ምርት፣ ኬሚካል ለመጨረሻ ጊዜ የነካበት ቀንና የውስጥ ተቆጣጣሪው የመጣበት ቀን አለ። የግምት ምርቱን ደምራችሁ ማኅበሩ «ኦርጋኒክ» ብሎ ከሸጠው ጋር አስተያዩ። የተሸጠው ከበለጠ ከውጭ ቡና ገብቷል። ካነሰ ደግሞ አባላቱ ለነጋዴ ሸጠዋል፣ ማለትም የተሸፈነላቸው የማረጋገጫ ወጪ ጥቅም ላይ አልዋለም።

ቡና ቋሚ ተክል ስለሆነ የሽግግር ጊዜው ከመጀመሪያው ኦርጋኒክ ለቀማ በፊት 3 ዓመት ነው። ቀድሞ ኬሚካል ያልነካው መሬት ከሆነ ያ ጊዜ ወደ ኋላ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። የሁለትና የሦስት ዓመት ክፍያ ከመሸፈኑ በፊት ያ ማስረጃ ተጠይቆ እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈልጉ። ካልተጠየቀ ብሩ የወጣው በነፃ ሊያልፍ ይችል ለነበረ ጊዜ ነው።